ብቻዬን ነው የምተኛው

አት-ባሺ፣ ማርች 4 ቀን 2018

ለተከበሩ ታላቅ እህቴ ለሳይካል ኤጄ፣

ሰላምታዬ ከአውቶቡሱ ቀድሞ ይድረስዎት። ደህና ነዎት ወይ? ወገብዎ፣ ዓይንዎ፣ ያ ደረጃ ሲወጡ የሚያስቸግርዎት ጉልበትዎ እንዴት ነው? ልጅዎ ቤጋይምስ? እኛ አላህ ይመስገን፣ ሰዉም ከብቱም ከክረምቱ ወጥቷል። ሁለት በግ በረዶ በላብን እንጂ ሌላ ጉዳት የለም።

ይህን በስልክ ያልነገርኩዎት ስልኩ የምራቴ ስለሆነ ነው። አይዛዳ ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ነገር ግን ስልኩን የምታቀብለኝ ድምፁን ለቤቱ ሁሉ ከፍታ ነው። ስለዚህ ጽፌ ለአውቶቡሱ ሹፌር ለታላይ ሰጠሁት። ጽሑፌ ከተጣመመ ይቅር ይበሉኝ። በሁለት ቀን ነው የጨረስኩት።

ዘጠኝ ዓመት የያዘኝን ቁርጥማት ያውቁታል። ጠዋት ስነሳ ጣቶቼ የሌላ ሰው ናቸው፤ ማንቆርቆሪያ ለማንሳት ረፋድ መጠበቅ አለብኝ። በሳምንት አንዴ የምውጠው ክኒን መጀመሪያ ረድቶኝ ነበር፤ አሁን ለምዶኛል መሰለኝ ምንም አይሠራም። ከገበያ የምገዛት ትንሿ ነጭ ክኒን ሕመሙን ታስታግሳለች፣ ግን ፊቴን እንደ ሊጥ አስነፋችው። ባለፈው ወር ቢሽኬክ ወርጄ ዶክተር ቺናራ የምትባል ሐኪም አየችኝ። ወጣት ናት፣ ቀጭን። ጣቶቼን አንድ በአንድ ተጭና አየችና፣

"ምን ሥራ ይሠራሉ?" አለችኝ።

"የሺርዳክ ምንጣፍ። ሌሎቹ ይሰፋሉ፤ የተዳመጠውን ጠጉር በንድፍ የምቆርጠው እኔ ነኝ።"

"በዚህ እጅ?"

"በዚህ አይደለም፤ ከዚህ በፊት በነበረኝ እጅ ነው" አልኳት። ሳቀች፤ ከዚያ ግን ሳቋን ቶሎ አቆመች።

አዲስ መድኃኒት አለ አለችኝ። በየሁለት ሳምንቱ ሆድ ላይ፣ ከቆዳ ስር የሚወጋ መርፌ ነው። እንዲህ ብላ አስረዳችኝ፤ በሰውነታችን ውስጥ ያለው ጠባቂ አብዶ የገዛ ቤቱን እየደበደበ ነው፣ መርፌው ጠባቂውን ያስተኛዋል። ጠባቂው ሲተኛ ግን ሌባ ሊነሳ ይችላል፤ በተለይ አንድ ሌባ፣ የሳንባ ነቀርሳ። በልጅነት የገባ ነቀርሳ ሳያስል፣ ሳያከሳ፣ አርባ ዓመት ሰው ውስጥ ተኝቶ ሊኖር ይችላል፤ ያኔ ይነቃል። ክንዴ ላይ መርምራኝ ምንም አላገኘችም። ይሁን እንጂ "ያቺ ነጭ ክኒን ምርመራውን ታሳስተዋለች፤ ስለዚህ ከምርመራው ይልቅ የእርስዎን ቃል ነው የምፈልገው። በልጅነትዎ ቤታችሁ ውስጥ ነቀርሳ የታመመ ሰው ነበር?" አለችኝ።

ምን እንዳደረግሁ ልንገርዎት? ሰባት አባቶቼን ከነስማቸው ቆጠርኩላት። "በሰባቱም ቤት ደረቱን የታመመ የለም" አልኳት። እሷም ጻፈችው።

መድኃኒቱን ለሚያገኙ ሰዎች የቀረው ቦታ አንድ ነው፤ እስከ ሜይ መጀመሪያ መልስ ይስጡኝ ብላኛለች። እኔ እፈራለሁ። ኩባት እንደሆነ "አንቺ ካልሽ" ከማለት በቀር ሌላ ቃል የማያውቅ ባል ነው። እርስዎ ግን ሆስፒታል ውስጥ ነዎት። "ወለል ብቻ ነው የምወለውለው" ይሉኛል፤ ወለል የሚወለውል ሰው ሐኪም የማያየውን ያያል። እናቴ ከሞተች ወዲህ በአጎቴ፣ በአባትዎ ቤት ያሳደጉኝ እናንተ ናችሁ፤ ከእናንተም የቀሩኝ እርስዎ ነዎት። ልጀምር ወይስ ልተው? ያሉኝን አደርጋለሁ።

እጅዎን የምትስም ታናሽዎ
አናርኩል


የካተሪንበርግ፣ ኤፕሪል 28 ቀን 2018

ለውድ እህቴ አናርኩል፣

አላህ ቤትሽን ከክፉ ዓይን ይሰውርልሽ፣ በጎችሽን መንታ ያስወልድልሽ። ኩባትን፣ ልጆቹን፣ ያቺን ድምፅ አብዢ ምራትሽንም ሳሚልኝ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆየ። ሁለት ሴቶች ሥራ ለቀው ሦስት ፎቅ ብቻዬን ስወለውል ነበር፤ ማታ ስገባ እጄ እስክሪብቶ አይዝም።

ያልሽውን አነበብኩ። አትጀምሪ።

እዚህ ብዙ አይቻለሁ። በእግሯ የመጣች ሴት በአልጋ ስትወጣ አይቻለሁ። አዲስ መድኃኒት የሚሉት ሁሉ መጀመሪያ የሚሞከረው እንደ እኛ ባለ ሰው ላይ ነው። ቁርጥማት የብርድ በሽታ ነው፤ እጅሽን በሱፍ ጠቅልይ፣ ፍል ውኃ ሂጂ፣ ከቀዝቃዛ ወንዝ ጠጉር ማጠብ ተዪ። ከታላይ ጋር ሁለት ጠርሙስ የድብ ሞራ ልኬልሻለሁ። ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ ማንኪያ በትኩስ ወተት ዋጪ፣ ሳታቋርጪ።

ለመሆኑ ሳል አለብሽ? ማታ ያልብሻል? ዝም ብዬ ነው የምጠይቅሽ።

ከሐኪሟም ጋር የድሮ ቤታችንን ነገር ብዙ አታንሺ። የሞቱት በሰላም ይረፉ።

የምትወድሽ
ሳይካል


አት-ባሺ፣ ሜይ 20 ቀን 2018

ለተከበሩ ሳይካል ኤጄ፣

አላህ ድካምዎን ወደ ጤና ይለውጥልዎ። ደብዳቤዎና ሞራው ደርሰውኛል።

ለዶክተር ቺናራ ደውዬ አልፈልግም አልኳት። "ማን መከረዎት?" አለችኝ። "እህቴ፤ ሆስፒታል ነው የምትሠራው" አልኳት። "ሐኪም ናት?" ስትለኝ "ሆስፒታል ነው የምትሠራው" ብዬ ደገምኩላት። "እሺ" ብላ ዘጋች። ቦታው የናሪን ከተማ ልጅ ለሆነች አስተማሪ ተሰጠ። አስተማሪዋ ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ በእጇ ጠመኔ ያዘች አሉ። ይህን የምነግርዎት ቅር ብሎኝ አይደለም።

ሞራውን እየዋጥኩ ነው። የመጀመሪያውን ቀን መልሼዋለሁ፤ አሁን አፍንጫዬን ይዤ ይገባል። አይዛዳ መቼም አፏ አያርፍ፣ "እማማ፣ የድብ ሞራ እኮ ሰው የሚውጠው ለደረት ነው። ለእጅ ደግሞ ማን ውጦ ያውቃል?" ትለኛለች። "ሳይካል ኤጄ ከእኔም ካንቺም ታውቃለች" አልኳት። "እንግዲያው ትንሽ ይታገሡ፣ ጥፍር ያበቅላሉ" አለች። "ጥፍሩ እንኳ በመጣልኝ፣ ጠጉሩን እቆርጥበት ነበር" ብያት ሁለታችንም ሳቅን።

ሳል የለብኝም። አላልበኝም። ለምን ጠየቁኝ?

ታናሽዎ አናርኩል


የካተሪንበርግ፣ ኦገስት 30 ቀን 2018

ውድ አናርኩል፣

በደስታ ቀን ያገናኘን! ዘግይቼ ስጽፍ ምሥራች ይዤ ነው። ቤጋይምን ጠየቋት። ልጁ እዚህ ብየዳ የሚሠራ ነው፤ ከየት ነው ብትዪ ከራሳችን ከአት-ባሺ፣ የቱርሱናይ ልጅ! በሰው አገር ሆነው የአገራቸውን ልጅ አገኙ። በሚመጣው ጸደይ፣ ከጾሙ በፊት፣ ሠርጉን እዚያው እናደርጋለን።

ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። አንደኛ፣ ለጥሎሿ ሁለት ሺርዳክ። እጅሽ እንደሚያምሽ አውቃለሁ፤ በቀስታ፣ ክረምቱን ሙሉ ሥሪው። አንቺ ያልቆረጥሽው ንድፍ ግን ከቤቴ አይወጣም። ሁለተኛ፣ ቱርሱናይ የእጮኝነቱን ጉትቻ ልታደርግላት ከመነሳቷ በፊት ወደ አንቺ መምጣቷ አይቀርም፤ ስለ ዘራችን፣ ስለ ጤናችን ትጠይቅሻለች። እንደ ሁልጊዜሽ ንገሪያት። አንቺ ትንሽ ነው የምትናገሪው፤ ለዚህ ነው ሰው የሚያምንሽ።

ሞራው ካለቀ ጻፊልኝ፣ ሌላ እልካለሁ።

የምትወድሽ ሳይካል


አት-ባሺ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2018

ለተከበሩ ሳይካል ኤጄ፣

እንኳን አላህ ለዚህ አበቃዎት። ቤጋይም ገና በዳዴ ስትሄድ ነው የምትታየኝ እንጂ ለሙሽርነት ስትደርስ አይደለም።

ጠጉሩን ዳምጠናል። ከጎረቤት አራት ሴቶች ነበሩ፤ በክንዳቸው ሲጭኑት እኔ ፈላ ውኃ አፈስስ ነበር፣ ከዚያ በላይ አልቻልኩም። የቀኝ አንጓዬ መታጠፍ ትቷል። ቀዩንና ጥቁሩን ደራርቤ ቢላውን በሁለት እጄ ይዤ ነው የቆረጥኩት። ሁለቱን ቀለም ባንድ ጊዜ ካልቆረጡት የአንዱ ቀለም የቀንድ ቅርጽ ከሌላው ጎድጓዳ አይገጥምም፤ እጅ ደግሞ መሐል ላይ ማረፍ አይችልም። አንዱን ንድፍ በዘጠኝ ቀን ጨረስኩ። ድሮ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር። ኩባት በር ላይ ቆሞ ያየኝና ወጥቶ ይሄዳል።

ቱርሱናይ መጥታ ነበር። ሦስት ሲኒ ሻይ ጠጣች፣ ቤቱን አየች፣ ከብቱን አየች፤ ከዚያ፣

"እንግዲህ አናርኩል፣ ካንቺ ጋር መዞር አያስፈልገኝም። እብደት?" አለችኝ።

"የለም።"

"የልብ ሕመም? የደረት?"

"የለም። ቤታችን ንጹሕ ነው" አልኳት።

"ደግ። በእኛ ቤት ያለው ስንፍና ብቻ ነው፤ እሱንም ልጄ ሳያጎድል ወርሶታል" ብላ ስቃ ሄደች።

ሌላም ነገር አለ፣ እንዳይቆጡኝ። ዶክተር ቺናራ ራሷ ደወለችልኝ። ከአዲሱ ዓመት ሌላ ቦታ ይከፈታል፤ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ከወሰንኩ ለእኔ ነው። አንጓዬን ነገርኳት። "ዳግመኛ እምቢ ካሉኝ ቢሽኬክ ድረስ የመጡት በከንቱ ነበር ብዬ አዝናለሁ" አለችኝ። ሳይካል ኤጄ፣ ይህን ጊዜ ልጀምር አስቤያለሁ። ከጤና ጣቢያችን የልጅነት ቤቴን የሚመለከት ወረቀት እንዳመጣ ጠይቃኛለች። ጤና ጣቢያው የድሮ መዝገብ የለንም ስላለኝ ያኔ ጤና ረዳት የነበሩትን አባ ሞልዶካንን ረቡዕ ሄጄ አነጋግራቸዋለሁ። አንድ ቃል ብቻ ነው የምፈልገው።

ታናሽዎ አናርኩል


አት-ባሺ፣ ኦክቶበር 19 ቀን 2018

ሳይካል፣

አባ ሞልዶካን ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ስለ መዝገቡ ስጠይቃቸው "መዝገቡን አይጥ በልቶታል። እኔን ግን እስካሁን አልበላኝም፤ ጠይቂ" አሉኝ። የአባትሽን ቤት ስም ጠራሁ። 

"አንቺ ያቺ ትንሿ ነሽ?" አሉኝ።

"የትኛዋ ትንሽ?"

"ያልነበረችው።"

ከዚያ ሁሉንም ነገሩኝ። በ1984 ጸደይ አክታሽ ውስጥ ነቀርሳ ተገኘ። እሳቸው ደብተራቸውን ይዘው እቤት መጡ። አንቺ አልጋ ላይ ነበርሽ፣ አያታችን አጠገብሽ ቆማለች። "ከአንቺ ጋር ማን ይተኛል?" ብለው ጠየቁሽ። "ብቻዬን ነው የምተኛው" አልሻቸው። አልጋው ላይ ሁለት ትራስ አይተዋል፤ የጻፉት ግን ያልሻቸውን ነው። ገና ትምህርት ቤት ያልገቡትን ሁለቱን ወንድሞችሽን በምስጢር ከተማ ወስደው መረመሯቸው፣ ክኒን ሰጧቸው፤ ስድስት ወር ዋጡ። እኔ የመንደሩ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርኩ። የእኔ ስም ቢገባ ለትምህርት ቤቱ ይነገራል፣ ትምህርት ቤቱ ካወቀ መንደሩ ያውቃል። አያታችን ጠቦት አመጣችላቸው። "በላሁት፤ እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ ነው" አሉኝ፣ አንገታቸውን እየያዙ።

ያን ቀን አስታውሰዋለሁ። አያታችን ኩበት ልቀሚ ብላ ወንዝ ማዶ ላከችኝ። ስመለስ ትራሴ ሌላ ክፍል ነበር። አንቺ ተራራ ወጥተሽ የባዝራ ወተት ልትጠጪ፣ አክስትሽን ልታግዢ ነው አሉኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። የትምህርት ቤታችን በረኛ የነበረው ሽማግሌ የሚሰጠኝን ስኳር ሁሉ ላንቺ አስቀምጥ ነበር። ስምንት ወር ቆይተሽ ወፍረሽ መጣሽ፤ እኔም የባዝራ ወተት እንዲህ ያወፍራል ብዬ ቀናሁብሽ።

ለዚያ አልከስሽም። አሥራ ሰባት ዓመትሽ ነበር፣ አያታችን ቆማብሽ ነበር፤ እሷ ቆማበት ያልተንቀጠቀጠ ሰው በቤታችን አልነበረም። ባለፈው ኤፕሪል ግን ሃምሳ አንድ ዓመትሽ ነበር። ማን ቆሞብሽ ነበር?

ልጀምር ወይስ ልተው ብዬ ጠየቅኩሽ። መልሱን ታውቂዋለሽ፤ "አናርኩል፣ እኔ ታምሜ ነበር፣ አብረሽኝ ትተኚ ነበር፣ ለሐኪምሽ ንገሪ።" አንድ መስመር አይሞላም። አንቺ ግን በእግሯ መጥታ በአልጋ ስለወጣች ሴት ጻፍሽልኝ። ረስቼው ነው እንዳትዪኝ፤ የረሳ ሰው የድብ ሞራ አይልክም። ለደረቴ ነው የላክሽው። ሳል አለብሽ ወይ ያልሽኝም ለዚያ ነው። አይዛዳ አውቃው ነበር፣ እኔ ገሠጽኳት።

በዚህ ሁሉ ላይ ለልጅሽ ጥሎሽ አስቆረጥሽኝ። በዚህ እጅ። ቱርሱናይንም በእኔ አፍ አታለልሻት።

አናርኩል


የካተሪንበርግ፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 2019

አናርኩል፣ እህቴ፣

ሰላም ለማለት ፊት የለኝም። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቴም ቀደድኩት። ደውዬም ነበር፤ አይዛዳ "እማማ በረት ናቸው" አለችኝ፣ ከኋላዋ ድምፅሽ ይሰማኛል።

እውነት ነው። አንዱንም አልክድሽም።

ምን እንደነበር ግን ስሚኝ። በዚያ ሆስፒታል ሃያ ስምንት ልጃገረዶች ነበርን። ሲወጡ ወደ መንደራቸው የተመለሱት አያገቡም ነበር፤ ሰው ከእጃቸው ሻይ አይቀበልም ነበር። አያታችን "አንድ ቃል ከወጣሽ ለዘላለም ከእኔ ጋር ነው የምትኖሪው" አለችኝ። ፈራሁ። አግብቼ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ባሌ ሳያውቅ ሞተ። ቤጋይም አታውቅም። በየክረምቱ ስደውልልሽ የምሰማው ወሬሽን አይደለም፣ ትንፋሽሽን ነው። ሳታስዪ አውርተሽ ስትጨርሺ ስልኩን ዘግቼ አለቅሳለሁ።

ያኔ በጸደይ ደብዳቤሽ ሲመጣ አንዷን ነርስ ጠየቅኳት። "ችግር የለውም፤ መጀመሪያ ሦስት ወር ክኒን ትውጣለች፣ ከመጀመሪያው ወር በኋላ መርፌውን መጀመር ትችላለች" አለችኝ። እንዲህ ቀላል ነው። ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ግን ክኒኑን ለመስጠት ማን ታሞ ነበር፣ በምን ተፈወሰ ብለው ይጠይቃሉ፤ ስም ይጽፋሉ። የቱርሱናይ ልጅ ያን ጊዜ ቤታችን መመላለስ ጀምሮ ነበር።

ሠርጉ ኤፕሪል 20 ነው። ሦስት ወር ብቻ፣ አናርኩል። ዘጠኝ ዓመት የታገሥሽው ሕመም ነው፤ ሦስት ወር ምን ይለዋል? ልጅቷ ወደ ቤቷ ትግባ፣ ከዚያ እኔ ራሴ መጥቼ ለሐኪምሽ እናገራለሁ። በእናትሽ አፈር እለምንሻለሁ። በዚያ አልጋ ላይ ስታለቅሺ አቅፌሽ ስለተኛሁት ሌሊት ብለሽ።

ሳይካል


አት-ባሺ፣ ኤፕሪል 7 ቀን 2019

ሳይካል፣

ደብዳቤሽ በጃንዋሪ ደርሶኛል። ታላይ ነገ ይነሳል፤ ይህ ከመንገድሽ በፊት እጅሽ ይገባል።

ሦስት ወር ብጠብቅ ቦታው ለሌላ ይሰጥ ነበር፤ ይህን ጽፌልሽ ነበር። አንብበሽዋል። ስለዚህ ደብዳቤሽን አጥፌ ኪሴ ከትቼ በማግስቱ ቢሽኬክ ወረድኩ።

ዶክተር ቺናራ ሁሉንም ሰማችኝ። አልተቆጣችም። ደሜን ወስዳ መረመረች፤ አለ። ተኝቷል፣ ግን አለ። ሠላሳ አራት ዓመት ከእኔ ጋር ሲበላ ሲጠጣ ኖሯል። ከዚያ ወረቀት አወጣችና "በሽታው ከማን እንደመጣ እዚህ ላይ ይሞላል፤ እጅዎ ካመመዎት እኔ ልጻፈው" አለችኝ። እኔው እጽፋለሁ አልኳት። ስምሽን ከነአባትሽ ስም፣ የተኛሽበትን ሆስፒታል ከነዓመቱ ጻፍኩት። ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ። ጠበቀችኝ። ወረቀቱ ወደ ወረዳው ጤና ጣቢያ ይላካል፤ ከዚያ በኋላ በማን አፍ እንደሚዞር አላውቅም።

ስለማላውቅም ሰው ከሚነግራት ብዬ ራሴ ቱርሱናይ ቤት ሄድኩ። የሰጠኋትን ቃል ላነሳ እንጂ ልጅሽን ልጎዳ አልነበረም። ሻይ ቀዳችልኝ፤ ሳልነካው "በመከር የነገርኩሽ ልክ አይደለም። ሳይካል በልጅነቷ ደረቷን ታማ ነበር። ነቀርሳ" አልኳት።

ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። ከዚያ ምን እንዳለች ልንገርሽ።

"ይኸው ነው? አይ አናርኩል! እኔ እኮ ፊትሽን ሳየው ልጅቷ ሌላ ባል አላት ልትዪኝ መሰለኝ። የእኔ ባል በዚያው ሆስፒታል ሰባት ወር ተኝቷል፣ በ1986! የመንደሩ ግማሽ እኮ 'የባዝራ ወተት ልጠጣ' ብሎ የሄደው ወደዚያ ነው። ዳነች አይደል? ጉትቻውን ላደርግ የሄድኩ ጊዜ ድንች ተሸክማ ደረጃ ስትወጣ አይቻታለሁ። ሻይሽን ጠጪ፣ ቀዘቀዘ።"

እየሳቀች ዳቦ ቆረሰችልኝ። ቆየት ብላ "ያኔ ስጠይቅሽ ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ?" አለችኝ።

"አላውቅም ነበር" አልኳት።

"አንቺ? አብረሻት ትተኚ አልነበረም?"

"እተኛ ነበር።"

እጄን አየች። ከዚያ በኋላ አልሳቀችም።

ቤትሽን ያፈርሰዋል ያልሽው ነገር ያ ነው፣ ሳይካል። ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አልቆየም። ባልሽም ቢሰማ ምናልባት እንደዚህ ይል ነበር። አላውቅም፤ አንቺም አታውቂም፣ ማንንም ጠይቀሽ አታውቂምና።

ክኒኑን ከጃንዋሪ መጨረሻ ጀምሮ እየዋጥኩ ነው። ወንድሞችሽ በልጅነታቸው የዋጡትን እኔ በአርባ አምስት ዓመቴ። ጉበቴን በየጊዜው ያዩልኛል። ለመጨረስ ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል። መርፌውንም በማርች ጀመርኩ፤ ትናንት ሦስተኛዬ ነበር። ሲገባ ንብ ነው፣ ከዚያ ምንም የለም። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ተነስቼ ማንቆርቆሪያውን ሳነሳ አይዛዳ አየችኝና ዞር አለች። ግራ እጄ ይጨብጣል። የቀኝ አንጓዬ ግን አይመለስም፤ አጥንቱ ተጣብቋል። "አምና በሜይ ብጀምረው ኖሮ ይተርፍ ነበር?" ብዬ ጠየቅኳት። ዶክተር ቺናራ መዋሸት አትችልበትም። "ሊተርፍ ይችል ነበር" አለችኝ።

ሁለቱ ሺርዳኮች አልቀዋል። ሴቶቹ ሰፍተውልኛል። ለቤጋይም ናቸው፤ እሷ አልዋሸችኝም። እኔ የቆረጥኩበት ጠርዝ ላይ ሁለት ቦታ ተንሻፏል፣ የሚያውቅ ሰው ያየዋል። እንዲያቃኑት ጠይቀውኝ ነበር፣ ተዉት አልኳቸው።

አቅፌሽ ስለተኛሁት ሌሊት ያልሽውንም አነበብኩት። አዎ፣ አቅፈሽኛል። እናቴ የሞተችበት ክረምት ነበር፤ አንቺ ባትኖሪ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ከዚያ በኋላ በደብተር ላይ አጠፋሽኝ። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ይዤ ሌላውን መጣል አልቻልኩበትም። ሞክሬያለሁ።

ሠርጉ ኤፕሪል 20፣ ቅዳሜ ነው። የአራተኛው መርፌዬም ቀን ያው ቅዳሜ ነው፤ ናሪን ከተማ ሄጄ ነው የምወጋው፣ ጠዋት ወጥቼ ማታ እገባለሁ። ኩባትና ልጆቹ ይመጣሉ፣ ምንጣፎቹንም እነሱ ያመጡልሻል። ዶክተር ቺናራ "የቤተሰብ ሠርግ ከሆነ በአንድ ቀን ብንገፋው ምንም አይጎዳዎትም" አለችኝ።

አይገፋ አልኳት።

አናርኩል